ለእናቴ በቁሟ ያለቀስንላት ክረምት

እርጥብ ባና፣ ደገኛ የሚደርበው የበግ ጸጉር ልብስ፣ ሲደርቅ የሚወጣው ሽታ፣ ግማሹ የበግ ግማሹ የጭስ የሆነው፣ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ያስደነግጠኛል። በቅርቡ ደሴ ውስጥ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዝናብ የመታቸው አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቢቀመጡና ያ ሽታ ከትከሻቸው ብን ብሎ ቢመጣብኝ፣ ሰውዬውን ከነመፈጠራቸው ሳላውቃቸው «ምነው አባቴ፣ በደህና ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ግራ ገብቷቸው አየት አድርገውኝ «አልሐምዱሊላህ፣ ለገበያ ነው እንጂ» አሉ። ባና የለበሰ ሽማግሌ ርሶ ሲመጣ ሁልጊዜ ክፉ ወሬ ይዞ የመጣ የሚመስለኝ በልጅነቴ ባሳለፍኩት በአንድ ክረምት የተነሳ ነው።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ፣ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ደጋ ላይ ነበር። እናቴ፣ ስሟ ሙሉ ነው፣ ዐረብ አገር ከሄደች ሁለተኛ ክረምቷን ይዛ ነበር፤ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ቤቱን የያዝነው አባቴ ደምሴ፣ ታናሽ እህቱ ብርቄ፣ እኔና አንደኛ ክፍልን ገና የጨረሰው ወንድሜ ታዴ ነበርን። አባቴ ነገርን ሁሉ በቀልድ የሚያሳልፍ ሰው ነበር፤ በሬው ቢታመም «ሥራ ጠልቶ ነው» ይላል፣ ጣሪያው ቢያፈስ «ወንዝ ከመውረድ ገላገለን» ይላል። ብርቄ ደግሞ እጇም ምላሷም የማያርፍ፣ ስትቆጣ ሰፈሩን የምታስነሳ፣ ስትስቅም እንደዚያው ነበረች። እኔ በማን እንደወጣሁ እንጃ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጨነቅበት ነገር ፈልጌ አጥቼ አላውቅም።

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጠዋት ጠዋት ገብሱን ስናርም እንቆይና፣ ቀትር ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ሲወርድ ቤት ገብተን እሳት ዙሪያ እንኮለኮል ነበር። ሲያባራ እኔና ጎረቤቴ ዘሃራ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ቁልቁለት በሳር ላይ እየተንሸራተትን፣ ልብሳችንን በጭቃ ለውሰን፣ ብርቄ እስክትጮህብን ድረስ እንጫወታለን። ዘሃራ የአያ መሐመድ የልጅ ልጅ ነበረች። ሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ አጭር የድንጋይ ካብ ሲሆን፣ በእሱ ላይ እሳትም ጨውም ወሬም ልጅም ቀኑን ሙሉ ሲመላለስበት ይውል ነበር።

የሳምንቱ ትልቅ ጉዞ የእሑዱ ነበር። ሰፈራችን ኔትወርክ ስለማይደርሰው ስልክ የፈለገ ሁሉ ጅብራ ራስ ወደምንለው ተራራ መውጣት ነበረበት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴ ትንሿን ባለ መብራት ስልክ ባትሪዋ እንዳያልቅ እንደጠፋች በላስቲክ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ይከታትና፣ ብርቄ ቆሎ ትቋጥርና፣ ዘሃራም አያቷን አስፈቅዳ ትከተለንና፣ የአስታውን ቁጥቋጦ እየጣስን፣ ጉም ውስጥ እየገባን እየወጣን እንሄድ ነበር። እላይ ስንደርስ ብቻችንን አንሆንም፤ ዐረብ አገር ሰው ያለው ሁሉ ባናውን ተከናንቦ፣ ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ኔትወርኩ የሚይዘው አንድ የደረቀ የጅብራ ግንድ አጠገብ ብቻ ነበርና ስልኩ ሁሉ በየተራ እዚያ ላይ ይንጠለጠላል፣ ካወረዱት ይቋረጣል። ስለዚህ ንግግሩ ድምፁ ተለቅቆ ነው፤ የማን ልጅ ምን በልታ እንዳደረች፣ የማን ሚስት ማንን እንዳኮረፈች ተራራው በሙሉ ይሰማል። ሰማዩ ሲጠራ ከዚያ ሆኖ የመቅደላ አምባ ይታያል ይሉ ነበር፤ እኔ በክረምት እንጂ በበጋ ብዙም ስላልወጣሁ ያየሁት ጉም ብቻ ነው።

በሰኔ መጨረሻው እሑድ እናቴ ደወለች። ከሁላችንም ጋር ተነጋግራ፣ ታዴን «ጥርስህ በቀለልህ ወይ?» ብላ አስቃን፣ ልትዘጋ ስትል «ደምሴ፣ እስኪ ይቺን ቁጥር ያዛት» አለች። «የሰዓዳ ናት፤ የአጅባር ልጅ ናት፣ እዚሁ ሪያድ ነው ያለች። እኔን ካጣችሁኝ በሷ ደውሉ።»

«ምን ሆነሽ ነው የምናጣሽ?» አለ አባቴ።

«እንዲያው ነው። ለክፉም ለደጉም።»

አባቴ ቁጥሩን ትንሿ ስልክ ውስጥ አስገባና ቁልቁለቱን ስንወርድ አንድም ቀልድ ሳያወራ ቤት ደረስን።

ሐምሌ ገባ። በመጀመሪያው እሑድ ስልካችን ሳትጮህ ዋለች። «እንግዳ መጥቶባቸው ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አለ አባቴ፣ እኛም አመንን። በሚቀጥለውም እሑድ፣ ከዚያ በኋላም ባለው እንደዚሁ ሆነ። አባቴ ራሱ ሲደውል አንዲት ሴት በዐረብኛ ትናገርና መስመሩ ጭጭ ይላል። አያ መሐመድ ቁርኣን የቀሩ፣ ዐረብኛ ያነበቡ ስለሆኑ ለመናቸውና፣ በዚያ ዕድሜያቸው ዘንጋቸውን እየተደገፉ ተራራውን ወጥተው፣ ጆሯቸውን ግንዱ ላይ ለጥፈው አዳመጡ። «እስኪ ድገሟት» አሉ። ተደገመላቸው። «ይቺ ልጅ ቸኩላለች» አሉ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው፣ «ተዘግቷል ነው መሰለኝ የምትል። አብሽር ደምሴ፣ የተዘጋ ይከፈታል።» ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አባቴም ሳቀ። እኔ ግን እየሳቀም ጣቱ መልሶ እየደወለ እንደነበር አየሁ።

የኔ ጭንቀት ታዲያ ሌላ ነበር። የሰዓዳ ቁጥር እዚያው ስልክ ውስጥ አለ፤ እናቴ ስትሰጠው ሰምቻለሁ፣ ብርቄም ሰምታለች። በየእሑዱ አባቴ የእናቴን ቁጥር ደጋግሞ ይደውልና፣ ሴትዮዋ በዐረብኛ ስትናገር ሰምቶ፣ ስልኳን አጥፍቶ በላስቲክ ይጠቀልላል። ሰዓዳ ጋ አይደውልም። አንድ ቀን አረም ላይ ሳለን ብርቄን ጠጋ ብዬ «እትዬ፣ አባዬ ለምን ሰዓዳ ጋ አይደውልም?» አልኳት። ብርቄ የያዘችውን አረም እያገላበጠች «ረስቶት እንዳይመስልሽ። ተይው፣ አትጠይቂው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄውን ሆዴ ውስጥ ይዤው ከረምኩ።

እንዲህ የፈራነው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያው ዓመት በበጋው፣ ከኛ በታች ባለው ሰፈር ዐረብ አገር የሄደች የአንዲት ልጅ መርዶ መጥቶ ነበር። በኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድም አይነገርም፤ ሽማግሎች ይሰበሰቡና ማለዳ፣ ሰው ቁርስ ሳይቀምስ፣ ከቤቱም ሳይወጣ ይሄዳሉ፣ ቁጭ በሉ ሲባሉም አይቀመጡም። እኔና ዘሃራ ያን ጠዋት ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ ሽማግሎቹ በልጅቱ አባት ደጅ ላይ ቆመው አይተናቸዋል። ስለዚህ ሐምሌን ሙሉ ከሁሉም ቀድሜ እየተነሳሁ፣ በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ ደጁን አይ ነበር። ደጁ ባዶ ከሆነ የዚያን ቀን እናቴ አለች ማለት ነው፤ ተመልሼ ታዴ አጠገብ ጋደም እላለሁ። ዘሃራም በካቡ በኩል ብቅ ብላ «የለም አይደል?» ትለኛለች፣ «የለም» እላታለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው የምንጫወተው።

ነሐሴ ገብቶ፣ ፍልሰታ ተይዞ፣ የሰፈሩ ልጆች ለቡሄ ጅራፋቸውን መግመድ ጀምረው ነበር። አንድ ጠዋት የውሻችን ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ዘልዬ ወጣሁ። ጉሙ በረቱን ሳይቀር ውጦት ነበር። ደጃችን ላይ አራት አምስት ሰዎች ቆመዋል፤ ባናቸው ርሶ፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ እርስ በርስ እንኳ አይነጋገሩም። ከፊት የቆሙት አያ መሐመድ ናቸው። አያ መሐመድ እኛ ቤት ሲመጡ ሁልጊዜ በካቡ ተሻግረው ነው፤ በደጅ ዞረው ሲመጡ ሳያቸው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

አባቴ አንድ እግሩን ብቻ ጫማ ውስጥ ከቶ ወጣ። «እንደምን አደራችሁ? ግቡ እንጂ፣ ምነው በብርድ ቆማችሁ?»

«እግዚሃር ይመስገን ደምሴ» አሉ አያ መሐመድ። «የለም፣ አንቀመጥም። ቆመን ነው የምንናገር።»

አባቴ የሚቀጥለውን አልጠበቀም። ክረምቱን ሙሉ ሲቀልድልን የከረመው ሰውዬ ጭቃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ «ሙሉዬ! ወይኔ ሙሉዬ! ዐውቄው ነበር!» አለ። ብርቄ ከውስጥ እየጮኸች ወጥታ አጠገቡ ወደቀች። ታዴ ምን እንደሆነ ሳይገባው እግሬን ጥምጥም አድርጎ ይዞ አለቀሰ። እኔ እንባ አልመጣልኝም፤ የማስበው «ዐውቄው ነበር» ያላትን ቃል ብቻ ነበር። ቀልዱ ሁሉ ለኛ ሲል የነበረ መሆኑ፣ ሲያስቀን የከረመው እሱ ራሱ በየሌሊቱ ሲቀብራት ከርሞ መሆኑ ያኔ ገባኝ፣ ከሁሉም ይልቅ ያ አስፈራኝ።

ለቅሶው በጉሙ ውስጥ ተሰማና ጎረቤት በያለበት ተነሳ። ሴቶች ነጠላቸውን አገልድመው እየጮኹ መጡ፣ ወንዶች ከበረት ከማሳ እየተጠራሩ ደረሱ፣ አንዷ ደረቷን ትመታለች፣ ሌላዋ የእናቴን ለጋስነት እያነሳች ታስለቅሳለች። ሽማግሎቹ መሐል ላይ ተውጠው እጃቸውን እያወዛወዙ «ኧረ ስሙን!» ቢሉ ማን ይስማቸው። እንዲያውም ከመካከላቸው አንደኛው፣ መርዶው ከነሱ በፊት በሌላ ሰው በኩል ደርሶ ነው ብለው አስበው፣ ባናቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከለቀስተኛው ጋር ያለቅሱ ነበር።

በመጨረሻ አያ መሐመድ ዘንጋቸውን ጥለው አባቴን በሁለት ትከሻው ጨምድደው ያዙት። «አንተ ደምሴ! ወላሂ ምንም አልመጣም! እኛ የመጣነው ብርቄን ልንጠይቅ ነው፣ ለግብርናው ልጅ!»

የግብርናው ልጅ የሚሉት ገበሬውን ሊያስተምር ከከተማ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። ከመስከረም በፊት ወደ አጅባር ሊዛወር ሆነና ሽማግሌ ላከ፤ አለዚያማ በክረምት፣ ያውም በፍልሰታ ጾም፣ ማን ሽማግሌ ይልካል! የጋብቻ ሽማግሌም እሺ እስኪባል ድረስ አይቀመጥም፣ ማልዶ ነው የሚመጣው። ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን በዚያ ክረምት ከኛ ቤት ማንም ሠርግ አላሰበም ነበር።

ለቅሶው ወዲያው አልቆመም። ከፊት ያሉት ዝም ሲሉ ከኋላ የደረሱት ገና ይጀምሩ ነበር። ብርቄ ለማን እንደምትጠየቅ ስትሰማ፣ ነገሩን ከልጁ ጋር ቀደም ብላ ታውቀው ኖሮ፣ በጭቃና በእንባ በተለወሰ ፊቷ ነጠላዋን ጎትታ ወደ ቤት ሮጠች። አንዳንዶች መሳቅ ጀመሩ። አባቴ ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ታዲያ ሙሉስ?» አለ።

ሳቁ ቆመ። «የሙሉንማ እኛ ምን እናውቃለን» አሉ አያ መሐመድ ቀስ ብለው። «እሱ ነው የሚያውቅ።»

አንዲት ባልቴት «በቁሟ የተለቀሰላት ዕድሜዋ ይረዝማል» አሉ። ሌላዋ «ሟርት ነው፣ ሟርት ጠራንባት» ብላ አማተበች። ሰዉ ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ የተለቀሰበትን ነገር ሳያጣራ እንዴት ይመለስ? አባቴ በመጨረሻ ተነሳ፣ ልብሱን እንኳ ሳያራግፍ ቤት ገብቶ ስልኳን ይዞ ወጣና ወደ ጅብራ ራስ መንገድ ጀመረ። ማንም «ዛሬ እሑድ አይደለም» አላለውም። ብርቄና እኔ ታዴን በየተራ እያዘልን ተከተልነው፣ ሽማግሎቹ ተከተሉ፣ ለቀስተኛውም በሙሉ፣ ያገለደመው እንዳገለደመ፣ ጾሙን እንደያዘ፣ በዝናብ ውስጥ ተራራውን ወጣ። ዘሃራ እጄን ይዛ «እኔ እኮ ዛሬ አላየሁልሽም፣ ተኝቼ ነበር» ትለኝ ነበር ደጋግማ፣ ደጁን ብታየው ኖሮ ሽማግሎቹ የማይመጡ ይመስል።

እላይ ስንደርስ አባቴ ስልኳን ከፍቶ ግንዱ ላይ ሰቀላት። የእናቴን ቁጥር አልነካም። ወደ ብርቄ ዞሮ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው «እስካሁን ያልደወልኩት ፈርቼ ነው። አሁንስ ምን ቀረኝ፣ አልቅሼ ጨርሻለሁ» አለና ሰዓዳ ጋ ደወለ።

ስልኩ ይጠራል። ዝናቡን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ታዴ በብርቄ ጀርባ ላይ ሆኖ አንገቷን አንቆ ይዟታል፤ እኔ ለእግዚአብሔር ምን ምን እንደተሳልኩ እኔና እሱ ነን የምናውቀው።

«ሄሎ?» አለች አንዲት ሴት።

ብርቄ ናት አባቴን ገፍታ «የሙሉ ቤተሰቦች ነን፣ ከመካነ ሰላም!» ያለች።

«ኧረ በአላህ! እሑድን እየጠበቅን ነበር!» አለች ሰዓዳ። «እዚሁ ናት! አሠሪዎቿ ስልኳን ቀምተው ቤት ዘግተውባት ከርመው፣ ወጥታ የመጣችው ገና በዚህ ሳምንት ነው። ብንደውል ብንደውል ስልካችሁ ዝግ ነው፤ እሑድ ነው የሚከፍቱት ብላኝ... ሙሉ! ነይ ቶሎ!»

ከዚያ «ደምሴ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥኖ ነበር፣ ግን የእናቴ ነበር።

ተራራው በእልልታ ተናጋ። እናቴ ደንግጣ «ምንድን ነው እሱ? ምን ሆናችኋል?» ብትል የሚመልስላት ጠፋ። ብርቄ እንባዋን እየዋጠች፣ እየሳቀችም፣ «አልቅሰንልሽ ነው!» አለቻትና የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ሁላችንም ወደ ግንዱ ተጠጋን።

«እነማን መጡ?» አለች በመጨረሻ።

«ሰፈሩ በሙሉ ነው፣ ማንን ልንገርሽ!»

«ንገሪኝ። እነማን አለቀሱልኝ?»

ከዚያ ሰዉ በየተራ ስሙን እየጠራ «እኔም አለሁ ሙሉዬ»፣ «እኔም አለሁ ልጄ» ይላት ጀመር። አያ መሐመድም «እኔም አለሁ፣ ዘንጌን ጥዬ» አሉ። በያንዳንዱ ስም «እሺ... እሺ...» ትላለች፣ ድምፅዋ እየተሰባበረ። «እዚያ ቤት ተዘግቶብኝ» አለች ኋላ፣ «ብሞት የት እንደወደቅሁ እንኳ የሚጠይቅ የለም እያልኩ ነበር የምተኛው።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ደምሴም አለቀሰ?» አለች።

አባቴ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ኧረ ዝናብ ነው» አለ፣ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፣ እሷም ከዚያ ማዶ ሆና ስትስቅ ሰማናት። ሽማግሎቹም አጋጣሚውን አላሳለፉም፤ እዚያው እንደቆሙ ጥያቄያቸውን አቀረቡ፣ እናቴም በስልክ «ብርቄ ከወደደችው ስጧት እንጂ!» ብላ ፈረደች። ያን ጊዜ ነው አያ መሐመድ እርጥብ ድንጋይ ላይ የተቀመጡት።

ጳጉሜ ላይ በማለዳው ዝናብ ስንታጠብ ታዴ በብርዱ ይጮህ ነበር፣ እኔ ግን ደጁን ማየት አልተውኩም ነበር። እናቴ ሌላ ቤት ሥራ እስክታገኝ ሰዓዳ ጋ ከረመች። መስከረም ሲጠባ እኔና ዘሃራ የባቄላ እሸት እየሰረቅን ስንበላ፣ የጨነቀኝ ነገር የብርቄ መሄድ ሆኖ ነበር። በጥር ተዳረችና አጅባር ገባች። እናቴ ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ከስታና ጸጉሯ ሳስቶ፣ በእግሯ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

እናትና አባቴ ዛሬም እዚያው ናቸው። ለስልክ ብሎ ተራራ የሚወጣ ቀርቷል፣ ኔትወርኩ ማድቤት ድረስ ይገባል። እኔ ደሴ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ማታ ማታ እደውልና እናቴ ስልኩን አስጠግታ ግንባሯን ብቻ እያሳየችኝ እናወራለን። የምንነጋገረውን ማንም አይሰማም፣ የምፈልገውን ሁሉ እነግራታለሁ። መስመሩ የሚቋረጥበት ጊዜ ግን አለ። ባለፈው ክረምት ተቋርጦ ቀኑ ሲረዝምብኝ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስደውል፣ ስዘጋ፣ መልሼ ስደውል አመሽ ነበር። ያኔ ሲጨንቀን ሰፈሩ ሁሉ ይጨነቅ ነበር፤ አሁን በሬን ዘግቼ ብቻዬን እጨነቃለሁ። ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው ተከራይም እንደኔ ስትደውል፣ እንደኔ ስትዘጋ ይሰማኛል። «እንደምን ዋልሽ» ከመባባል አልፈን አናውቅም፤ አገሯ የት እንደሆነ፣ እናት ትኑራት አትኑራት አላውቅም። አንድ ምሽት ስትደውል ቆይታ ዝም ስትል ጊዜ ተነስቼ በሯን አንኳኳሁ። ስልኳን እንደያዘች ከፈተችልኝ። ምን እንደምላት አላሰብኩበትም ነበር።

«የኔም ስልክ እምቢ አለኝ» አልኳት።

በሩን ሰፋ አድርጋ ከፍታ «ግቢ» አለችኝ።